የሴት ሠዓሊዎች ቋሚ ቤት፦ ከኪራይ ውሉ እስከ ግድግዳው ምስማር

ለሴት ሠዓሊዎች ቦታ መክፈት ያን ያህል አይከብድም። ባዶ አዳራሽ ይገኛል፣ ግድግዳው ነጭ ይቀባል፣ ሥራዎች ይሰቀላሉ፣ የመክፈቻው ምሽት በሰው ይሞላል። የሚከብደው ያ በር ከዐሥር ዓመት በኋላም ክፍት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ያለፉት ሙከራዎች ይህንኑ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሠዓሊዎቹ ጁዲ ሺካጎና ሚሪያም ሻፒሮ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሊፈርስ የተወሰነበትን ባለ 17 ክፍል ቤት ተረክበው ወደ ሥነ ጥበብ ሥራ ለወጡት። «ውማንሃውስ» አሉት። አንድ ወር ገደማ ታየ፤ ከዚያ ቤቱ ፈረሰ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ከተማ «ውማንስ ቢልዲንግ» የተባለ የሴቶች የሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ፤ የተከራዩት ሕንፃ ሲሸጥ በ1975 ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ሄዱ፤ በ1991 ተዘጋ። ሊንዳ ጉድ ብራያንት ለጥቁር ሠዓሊዎች ኒውዮርክ ላይ በ1974 የከፈተችው ጋለሪ «ጀስት አበቭ ሚድታውን» ደግሞ በ1986 አበቃ። በአንጻሩ በ1972 ሃያ ሴቶች በኅብረት ያቋቋሙት «ኤ.አይ.አር. ጋለሪ» አድራሻውን ደጋግሞ ቢቀይርም ዛሬም አለ። በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የተሠራው ሥራ ጠንካራ ነበር። ዕድሜያቸውን የለያየው ሕንፃው የማን እንደሆነ፣ ውሳኔው በማን እጅ እንዳለና ወርሃዊ ወጪው ከየት እንደሚመጣ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ዕቅድ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ መሥራቾቹ ቢሄዱ፣ አከራዩም ሐሳቡን ቢቀይር፣ ቦታው ይተርፋል ወይ? ከታች ያለው ሁሉ፣ የግድግዳው ውፍረት ሳይቀር፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ለማን?

በመጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል። ጉሪላ ገርልስ የተባለው የሴቶች ቡድን በ1989 ያወጣው ፖስተር ኃይሉን ያገኘው ከቆጠራ ነበር። በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ክፍሎች ሥራቸው ከሚታይ ሠዓሊዎች ሴቶቹ ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ፣ ከራቁት ገላ ምስሎቹ ግን 85 በመቶዎቹ የሴት ነበሩ። ማንም ሰው ይህን ማድረግ ይችላል። በአካባቢው ያሉ ጋለሪዎችና ሙዚየሞች ባለፉት ሦስት ዓመታት ያሳዩትን ዐውደ ርእይ በሠንጠረዥ መመዝገብ ነው፤ የግል ነው ወይስ የጋራ፣ የሠዓሊዋ ዕድሜ፣ የሠራችበት ማቴሪያል፣ ትምህርት ቤት የገባች ናት ወይስ ራሷን ያስተማረች። ሠንጠረዡ ሲሞላ «ሴቶች» የሚለው ጥቅል ስም ይበተናል። ብዙ ጊዜ ዘይት ቀለም የምትሠራ፣ ከተማ የተማረች፣ ከ40 ዓመት በታች የሆነች ሴት በተወሰነ ደረጃ ታይታለች። ያልታየችው ጥልፍ ጠላፊዋ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አካል ጉዳተኛዋ፣ ልጆች አሳድጋ በ50 ዓመቷ ወደ ብሩሽ የተመለሰችው ናት። ይህ ሠንጠረዥ በኋላ ለገንዘብ ጥያቄም ከማንኛውም መግለጫ በላይ ያገለግላል።

ከዚያ የማመልከቻውን ቅጽ መፈተሽ ይገባል፤ መገለሉ የሚፈጸመው እዚያ ነውና። የዕድሜ ገደብ መውጣት አለበት። ሠዓሊዋ ካርመን ኤሬራ የመጀመሪያ ሥዕሏን የሸጠችው በ2004፣ በ89 ዓመቷ ነበር፤ «ወጣት ተሰጥኦ» የሚል ጥሪ እሷን መቼም አያገኛትም። የማመልከቻ ክፍያም መውጣት አለበት። የትምህርትና የዐውደ ርእይ ታሪክ በግዴታ ከሚጠየቅ በፈቃደኝነት ቢሞላ ይሻላል። የጽሑፍ መግለጫ የማይመቻት በድምፅ ቀድታ መላክ ትቻል።

ስም ሸፍኖ መምረጥን ብዙዎች እንደ መፍትሔ ያቀርቡታል። እኔ ብቻውን አላምነውም። ስሙ ሲሸፈን የሚቀረው ፎቶው ነው፤ ጥሩ ፎቶ ያላት ደግሞ ቀድሞም ዕድል የነበራት ናት። ይልቅ ከማመልከቻው ቀነ ገደብ በፊት በየወሩ አንድ ነጻ የፎቶ ቀን ቢኖር ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ካሜራ በትሪፖድ፣ ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ የተቀመጡ ሁለት ተመሳሳይ መብራቶች፣ ብርሃኑን የሚያለሰልስ ነጭ ጨርቅ፣ ቀለሙን ለማስተካከል ግራጫ ካርድ። ሌንሱ ከሥዕሉ መሃል ጋር ትይዩ ካልሆነ ካሬው ሸራ ተንጋዶ ይወጣል። የክፍሉ ሌላ መብራት መጥፋት አለበት፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲደባለቅ ቀለሙን በኋላ ማረም አይቻልም። ለጨርቅና ለጥልፍ አንዱን መብራት ዝቅ አድርጎ ከጎን ማብራት ክሩ ጥላ እንዲጥልና ስፌቱ እንዲታይ ያደርጋል።

መራጮቹ አምስት ቢሆኑ፣ የሥራ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ሆኖ በየዓመቱ ግማሽ ያህሉ ቢቀየሩ ጥሩ ነው። ዘመድ፣ ተማሪ ወይም የሥራ ባልደረባ ሲቀርብ መራጯ ከክፍሉ ትውጣ፤ ድምፅ አለመስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ዝም ብላ ብትቀመጥም ሌሎቹ ፊቷን ያነባሉ።

ቤቱና ውሉ

መንገዱ ሦስት ነው፤ መግዛት፣ በረጅም ውል መከራየት፣ ወይም በሌላ ጠንካራ ተቋም ውስጥ መጠለል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የኒው ሆል የሴት ሠዓሊዎች ሥራ ስብስብ የተወለደው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ኮሌጅ ውስጥ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ መቶ ሴት ሠዓሊዎች ሥራ እንዲለግሱ ደብዳቤ ተላከ፣ ምላሹ ከተጠበቀው በላይ ሆነ፣ ግድግዳውና ጣሪያውም የኮሌጁ ስለነበር የቤት ኪራይ የሚባል ጣጣ አልነበረም። የጁዲ ሺካጎ «የእራት ግብዣ» የተሰኘው ሥራ በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ ብዙ ሕዝብ ቢያየውም ቋሚ ማረፊያ ያገኘው በ2007 ብሩክሊን ሙዚየም ውስጥ ነው፤ 28 ዓመት ፈጀ። መጠለል የራሱ ዋጋ አለው። የአስተናጋጁ ተቋም አመራር ሲለወጥ ክፍሉ ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል። ስለዚህ ስምምነቱ የክፍሉን ስፋት በካሬ ሜትር፣ የበጀቱን ዝቅተኛ መጠንና ኃላፊዋን ማን እንደሚሾም በጽሑፍ ማስፈር አለበት። «ተገቢውን ቦታ ይሰጣል» የሚል ሐረግ ምንም አያስገድድም።

መግዛት የሚቻል ከሆነ ጥሩ፤ ግን የገዛ ሰው የጣሪያውም ባለቤት ነው። ዋሽንግተን ያለው የሴቶች ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም በ1908 የተሠራ የፍሪሜሶን ሕንፃ በ1983 ገዝቶ በ1987 ተከፈተ። በ2021 ለእድሳት ተዘግቶ በጥቅምት 2023 ዳግም ተከፈተ። ያን ያህል ጊዜ በሩን ዘግቶ መቆየት የሚችለው አስቀድሞ ያጠራቀመ ብቻ ነው። ከሕንፃው ዋጋ በየዓመቱ ቢያንስ 2 በመቶ ለጥገና መመደብ የማይነካ ሕግ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም ስለማይበላሽ ገንዘቡ ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ቦርዱም ለዐውደ ርእይ ሊያውለው ይፈልጋል። ጣሪያው፣ ሽቦውና ቧንቧው ግን ዕድሜያቸው አንድ ላይ ያልቃል።

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በኪራይ ነውና ውሉ ላይ ልቆይ። ከአምስት ዓመት ያነሰ ውል ላይ ቋሚ የሚባል ነገር አይገነባም። የሚፈለገው 10 ዓመት ሆኖ ለሌላ 10 ዓመት የማደስ መብት ያለው ነው፤ መብቱ የተከራዩ ብቻ መሆኑ ይጻፍ። የዓመታዊ ጭማሪ ጣሪያ በመቶኛ ይቀመጥ። ሕንፃው ቢሸጥ ውሉ ገዢውን እንዲያስገድድና ተከራዩ ቀድሞ የመግዛት ዕድል እንዲኖረው ይጻፍ፤ ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነም ውሉ በመንግሥት መዝገብ ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ውል አዲስ ባለቤት ሲመጣ ያከራክራል። የአጠቃቀም አንቀጹ ዐውደ ርእይ፣ ሽያጭ፣ ትምህርት፣ የሕፃናት ማቆያና ለሠዓሊዎች ስቱዲዮ ማከራየትን በስም ይዘርዝር። «ጋለሪ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ ጥግ መስጠት ራሱ ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚረሳው የእድሳት ካሳ ነው። ተከራይ ግድግዳ ያቆማል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ የአየር ማስወጫ ያስገባል፤ አከራይ ደግሞ በአራተኛው ዓመት ያሻሻሉለትን ቤት መልሶ ይወስዳል። ወጪው በ10 ዓመት ተከፋፍሎ፣ አከራዩ ቀድሞ ካስወጣ የቀሪውን ዓመታት ድርሻ እንዲከፍል አስቀድሞ ይስማሙ። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ከሆነ የወጪው ስድስት ዐሥረኛ ነው። ይህ አንቀጽ ገንዘቡን ከመመለሱ በላይ አከራዩን ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ያደርገዋል። የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ከ12 ወር አይነስ፤ ዐውደ ርእይ የሚታቀደው ከአንድ ዓመት በፊት ነውና።

ከመፈረም በፊት ቤቱን ዝናብ በሚጥልበት ቀን ማየት የግድ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ የግድግዳ ታች፣ በተለይ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ያለው ብቻ አዲስ ከሆነ፣ ከሥሩ እርጥበት አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። በላይኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት ካለ ቧንቧው በየት እንደሚወርድ ይጠየቅ፤ ከሥዕል ማከማቻ በላይ የሚያልፍ ቧንቧ ያለበት ክፍል ለማከማቻ አይሆንም። ትልቁ ሥራ ከመንገድ እስከ ግድግዳ የሚሄድበት መስመር ደግሞ በሜትር መለካቱ ብቻ ያታልላል። በር የሚያሳልፈው ሸራ ኮሪደር መታጠፊያ ላይ ይቀረቀራል። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ቀላል የእንጨት ፍሬም ሠርቶ በሁለት ሰው ይዞ መሞከር ነው። ለዊልቸር የበር ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር፣ የመዞሪያ ቦታ 150 ሴንቲ ሜትር፣ የራምፕ ተዳፋት ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ይያዝ፤ ከኋላ በር በኩል የተሠራ ራምፕ ግን «አንቺ እንግዳ ነሽ» ማለት ነውና በዋናው መግቢያ ይሁን።

ግድግዳ፣ ብርሃን፣ ማከማቻ

ስፋቱን ስትከፋፍሉ ዐውደ ርእዩ ሁሉን እንዳይውጥ ተጠንቀቁ። እኔ የምመክረው ከጠቅላላው 40 በመቶ ለማሳያ፣ 25 በመቶ ለስቱዲዮ፣ 15 በመቶ ለማከማቻ፣ ቀሪውን ለሕፃናት ማቆያ፣ ለትምህርት፣ ለቢሮና ለመጸዳጃ ነው። ማከማቻ ሁልጊዜ የሚቆረጠው ክፍል ነው። ሲቆረጥ ሥራዎቹ ኮሪደር ላይ ይደረደራሉ፤ ማዕዘናቸው ይመታል፣ ሸራቸው ይወጋል፣ ሠዓሊዋም ሁለተኛ አታመጣም።

የማሳያው ግድግዳ ጂፕሰም ቦርድ ብቻ ከሆነ ከባድ ሥራ አይሸከምም፤ ፊሸር ተነቅሎ ይወጣል። ከ12.5 ሚሊ ሜትር ጂፕሰም በስተጀርባ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከወለል እስከ 2.4 ሜትር ቁመት መለጠፍ ችግሩን ለዘለቄታው ይፈታል። የትም ቦታ ብሎን ይያዛል፣ ቀዳዳው በስቱኮ ተደፍኖ በአንድ እጅ ቀለም ይጠፋል። ውድ ነው፤ ግን በየወሩ ተኩል ተነቅሎ ለሚሰቀል ግድግዳ ሌላ አማራጭ አይቆይም። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ይሁን፤ ስሙና ቁጥሩ በመዝገብ ይቀመጥ፤ አለዚያ ሁለተኛው ባልዲ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም።

የሥዕሉ መሃል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል። በዊልቸር ለሚመጡና ለልጆች ሲታሰብ 145 ይሻላል፤ ዋናው አንድ ቁጥር ይዞ አለመለዋወጥ ነው። የመስቀያው ከፍታ የሚገኘው 150 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ደምሮ፣ ሽቦው ተወጥሮ ከላይኛው ጠርዝ የሚርቀውን በመቀነስ ነው። 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውና ሽቦው ከጠርዙ 6 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ሥዕል መስቀያው 184 ላይ ይገባል ማለት ነው። ሽቦውን ሳይወጥሩ መለካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ሲሰቀል ሥዕሉ ዝቅ ይልና ከጎረቤቱ ጋር መስመሩ ይሰበራል። በአንድ መስቀያ ፈንታ ሁለት መጠቀም ሥዕሉ በር ሲዘጋ እንዳይንጋደድ ያደርጋል።

ብርሃን ላይ ግትር መሆን ያስፈልጋል፤ በተለይ ሴቶች ብዙ የሠሩባቸው ማቴሪያሎች፣ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ የተፈጥሮ ቀለም፣ ለብርሃን በጣም ስስ ናቸውና። ለእነዚህ 50 ሉክስ (ሉክስ ሥራው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው)፣ ለዘይትና አክሪሊክ እስከ 200 ሉክስ ነው ወሰኑ። ጉዳቱ እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው። 100 ሉክስ ለ5 ሰዓት ከ50 ሉክስ ለ10 ሰዓት ጋር እኩል ያስረጃል፤ የደበዘዘ ቀለምም አይመለስም። ስለዚህ ጥልፍ ሦስት ወር ታይቶ ይረፍ፤ ጎብኚ በሌለበት ሰዓት መብራቱ ይጥፋ፤ የመስኮት መስታወት አልትራቫዮሌት የሚያግድ ፊልም ይለጠፍበት። አምፖሉ የቀለም ታማኝነት መለኪያው 90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይመረጥ፤ ከ80 በታች ከሆነ ቀዩ ቡናማ ይመስላል። የመብራቱ አቅጣጫ ከቁም መስመሩ 30 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል መስታወት ያለው ሥዕል አያንጸባርቅም። ሉክስ መለኪያ ትንሽ መሣሪያ ናት፤ በዓይን መገመት አይቻልም፣ ዓይን ራሱን ያስተካክላልና።

የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ውስጥ ይቆይ። ከቁጥሩ ይልቅ መዋዠቁ ይጎዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ እርጥበቱ ከ10 ነጥብ በላይ ሲወጣና ሲወርድ እንጨት ይሰነጠቃል፣ የቀለም ንብርብር ከሸራው ይለቃል። ማታ ማሽን ማጥፋት ገንዘብ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ይህን መዋዠቅ የሚፈጥረው ግን ራሱ ነው። ባለ መመዝገቢያ የእርጥበት መለኪያ በማሳያውና በማከማቻው ለየብቻ ይቀመጥ።

ማከማቻው ከመሬት በታች ባለ ክፍል አይሁን፤ ከውጭ ግድግዳ ጋርም አይጠጋ። ማንኛውም ሥራ ከወለል ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ቧንቧ ሲፈነዳ የሚተርፈውና የማይተርፈው የሚለየው በዚያች ከፍታ ነው። ሸራዎች ቆመው ፊት ለፊትና ጀርባ ለጀርባ ይደርደሩ፣ በመካከላቸው አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባ። አክሪሊክ ቀለም በፊኛ ፕላስቲክ በቀጥታ ሲጠቀለል ክቦቹ ቀለሙ ላይ ታትመው ይቀራሉ፤ መጀመሪያ ለስላሳ ወረቀት ይልበስ። ጨርቅ አይታጠፍም፤ በወረቀት በተሸፈነ ወፍራም ቱቦ ላይ ጥልፉ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቀለላል። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ክሩ ተጨማድዶ ይደቀቃል።

ስቱዲዮውና ልጆቹ

የሸክላ መተኮሻ ምድጃ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል፤ ከግድግዳ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ወደ ውጭ ይውጣ። ሸክላና ጀሶ የሚታጠብበት ገንዳ ከሥሩ ደለል ማስቀሪያ ሣጥን ካልገጠመለት በወራት ውስጥ ቧንቧው ድንጋይ ይሆናል። ደረቅ የሸክላ አቧራ በመጥረጊያ አይጠረግም። በውስጡ ያለው ሲሊካ ሳንባ ይጎዳልና በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ሲጣል ሲደርቅ ይሞቃል፣ ያለ ክብሪትም ይነዳል። ክዳን ያለው የብረት ማስቀመጫ ከውሃ ጋር በየስቱዲዮው ይኑር፤ በየምሽቱም ይውጣ። አኳራጅና ሌሎች አሟሚዎች ወደ ገንዳ አይደፉም።

የሕፃናት ማቆያ እንደ ቅንጦት ከታየ ቦታው የሚያገለግለው ቀድሞም ጊዜ ያላቸውን ነው። ሥራ ላይ የሚውለው ግን ሰዓቱ ከስቱዲዮው ሰዓት ጋር ሲገጥም ብቻ ነው፤ ስቱዲዮው እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ክፍት ሆኖ ማቆያው በ11 የሚዘጋ ከሆነ እናቶች በ11 ይሄዳሉ። ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች አብረው ይኑሩ፣ አንድ ብቻዋን መቼም አትሁን፤ በሩ መስታወት ይኑረው። ክፍሉ ከምድጃውና ከአሟሚዎቹ ይራቅ፣ የአየር መስመራቸውም አይገናኝ።

የስቱዲዮ ጊዜ በሦስት ወር መቁረጥ ብዙ ሰው ያስተናገዱ ያስመስላል፤ ሸክላ ግን ለመድረቅ፣ ሽመና ለመጠናቀቅ ወራት ይፈልጋል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቢሆን፣ ከክፍሉ ጋር ወርሃዊ ድጎማ ቢሰጥ ይሻላል፤ ያለ ድጎማ የሚሰጥ ነጻ ክፍል ደሞዝ ትታ መምጣት የምትችለውን ብቻ ይመርጣልና።

ውልና ሽያጭ

እያንዳንዱ ሥራ ሲገባ በሁለት ፊርማ ይረከብ። ቅጹ ላይ የሥራው ልክ፣ ማቴሪያል፣ የመድን ዋጋ፣ የፊትና የጀርባ ፎቶ፣ ነባር ጭረት ካለ ከነቦታው ይሰፍራል። ጀርባውን ፎቶ አለማንሳት ክርክር ያመጣል፤ የድሮ ጉዳት የሚታወቀው ከጀርባ ነው። መድኑ ሥራው ከሠዓሊዋ ግድግዳ ከወረደበት ሰዓት ተመልሶ እስኪሰቀል ድረስ ይሸፍን፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በጉዞና በመስቀል ጊዜ ነውና «በሕንፃው ውስጥ» ብቻ የሚል መድን ዋናውን አደጋ ውጭ ይተወዋል።

የንግድ ጋለሪዎች ግማሽ በግማሽ መካፈል የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ግን 30 በመቶ ላይ መቆም ይችላል። የፍሬም ወጪ ከየት እንደሚነሳም ይጻፍ። 1,000 የተሸጠ ሥዕል፣ ቤቱ ለፍሬም 100 አውጥቶ ከሆነ፣ ወጪው ከላይ ተነስቶ ቀሪው 900 ሲካፈል ሠዓሊዋ 630 ታገኛለች፤ መጀመሪያ 1,000 ተካፍሎ ከእሷ ድርሻ ሲቀነስ ግን 600 ብቻ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ መተማመን የሚፈርሰው ግን በዚህች 30 ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ፍሬሙ ሁለቱንም ጠቅሟል።

የሠዓሊዎች ገንዘብ ከቤቱ የሥራ ማስኬጃ ተለይቶ በራሱ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ በ30 ቀን ውስጥም ይከፈል። ኪራይ ሲጎድል ከዚያ መበደር የሚጀመርበት ቀን የመጨረሻው መጀመሪያ ነው። የቅጂ መብቱ ከሠዓሊዋ ጋር ይቆያል፤ ቤቱ ፎቶውን ለማስተዋወቂያ የሚጠቀምበት ፈቃድ ብቻ ይኖረዋል። ሥራዋን ስታሳይ፣ ባይሸጥም፣ የማሳያ ክፍያ ትከፈላት። ያልተሸጠ ሥራ የሚወሰድበት ቀንም ይጻፍ። ካልተጻፈ ማከማቻው በሁለት ዓመት ይሞላል።

ገንዘቡና ሥልጣኑ

አንድ የገቢ ምንጭ ከጠቅላላው ሲሶ እንዳይበልጥ መጣር ዋናው ጥበቃ ነው። የስቱዲዮ ኪራይ፣ ትምህርት፣ የአባላት መዋጮ፣ ሽያጭ፣ ድጋፍ ይቀላቀሉ። የፕሮጀክት ድጋፍ ዐውደ ርእይ ይከፍላል፣ የመብራትና የጥበቃ ግን አይከፍልም። ስለዚህ በእያንዳንዱ የድጋፍ ጥያቄ ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለአስተዳደር ወጪ ካልተካተተ በብዙ ፕሮጀክት መካከል ኪራይ አጥቶ መዘጋት ይመጣል። የስድስት ወር ወጪ በመጠባበቂያ ከመቀመጡ በፊት ሁለተኛ ፎቅ አይታሰብ። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ከትርፉ ለመኖር የሚፈልግ፣ በዓመት 4 በመቶ ወጪ ቢታሰብ፣ የዓመታዊ ወጪውን 25 እጥፍ ማስቀመጥ አለበት። ሩቅ ቁጥር ነው፤ ግን ኪራዩን ብቻ ለመሸፈን ተብሎ ሲጀመር ይቀርባል። መሥራቾች ያለ ደሞዝ መሥራታቸው ቆንጆ ነገር ይመስላል፤ በበጀቱ ላይ የማይታይ ዕዳ ነው። ሲደክሙ ቦታቸውን የሚተካ ገንዘብ የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደሞዛቸው በበጀት ይጻፍ፣ ባይከፈልም «ያልተከፈለ» ተብሎ ይታይ።

በኅብረት መምራት ጉልበት አለው፤ ኤ.አይ.አር. ዕድሜ ያገኘው አባላቱ የሚያዋጡበትና የሚወስኑበት ቤት ስለሆነ ነው። መዋጮ ግን የማትችለዋን ያስቀራል። እነሱ ከ1993 ጀምሮ ዕድሉን ላላገኙ ሴቶች የተለየ የፌሎውሺፕ ፕሮግራም ማካሄዳቸው ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። በቦርድ የሚመራ ከሆነ ከ7 እስከ 9 አባላት፣ ግማሾቹ ሠዓሊዎች፣ የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት ሆኖ ከሁለት ጊዜ አይለፍ። ገደቡ መሥራቾችንም ይመለከታል። ቤቱን ወይም ዋናውን ገንዘብ የሚይዘው አካል ዐውደ ርእዩን ከሚያካሂደው በሕግ ቢለይ፣ ፕሮግራሙ ዕዳ ቢገባ አበዳሪ ሕንፃውን አይነካም። መተዳደሪያ ደንቡም ንብረቱ ለአባላት ፈጽሞ እንደማይከፋፈል ይግለጽ።

መዝገቡ

እያንዳንዱ ቋሚ ሥራ ቁጥር ይሰጠው፦ ዓመት፣ የአበርካቷ ተራ፣ የሥራው ተራ፤ ለምሳሌ 2025.3.1። ወረቀት ላይ በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ጥግ፣ ጨርቅ ላይ ቁጥሩ በተጻፈበት ጥጥ ሪባን ተሰፍቶ ይደረጋል፤ ማጣበቂያ ወረቀት አይለጠፍም፣ ሙጫው ያልፋል። የዲጂታል መዝገቡ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። የመክፈቻ ጥሪዎች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የተቀደዱ ፖስተሮች፣ ያልተመረጡ ማመልከቻዎች ከነፈቃዳቸው ይጠበቁ። ለተመራማሪ ዋጋ የሚኖራቸው ብዙ ጊዜ እነዚህ ናቸው።

በመጨረሻ የመዘጋት አንቀጽ ይጻፍ፣ ገና ሁሉም በሚስማማበት ጊዜ። በውሰት ያሉ ሥራዎች በ60 ቀን ውስጥ ለባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፤ የቤቱ የሆኑት አስቀድሞ በጽሑፍ ወደተስማማ ሙዚየም ወይም ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፤ መዝገቡም እንዲሁ። የውማንስ ቢልዲንግ ሰነዶች ዛሬ በስሚዝሶንያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ መዛግብት ውስጥ ይገኛሉ፤ ሕንፃው ከሌለም በኋላ እዚያ ማን ምን እንደሠራ ማንበብ ይቻላል። ተቀባዩ ተቋም ስምምነቱን በየአምስት ዓመቱ እንዲያድስ ይጠየቅ፤ የተቀባይ ተቋም ኃላፊዎችም ይለወጣሉና።